የላኩትን መስማት፦ በቤት የምትሠራው የአማተር ሬዲዮ ሞኒተርና የታሪካችን ትምህርት

በኮምቦልቻ ለመምህራንና ለተማሪዎች የቀረበ ሕዝባዊ ንግግር፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተገለበጠ



የታሪክ መምህር ስለ ሬዲዮ ዕቃ ምን አገባው የሚል ጥያቄ ከአንዳንዶቻችሁ ፊት ላይ አነባለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። እዚህ ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጥኋት ዕቃ ባዶ የወተት ዱቄት ጣሳ ናት። በውስጧ ሁለት ትራንዚስተሮች፣ ጥቂት ሬዚስተሮችና ካፓሲተሮች፣ አንድ የሽቦ ጥቅልና ባለ 9 ቮልት ባትሪ አሉ፤ በጎኗ የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ ተበጅቶላታል። አማተር የሬዲዮ ኦፕሬተሮች ሞኒተር ይሏታል። ሥራዋ አንድ ብቻ ነው፤ ኦፕሬተሩ ወደ አየር የላከውን ምልክት መልሳ ለራሱ ታሰማዋለች። ከሩቅ የሚመጣውን ድምፅ አታቀርብም፤ የእርሱንም ድምፅ ወደ ሩቅ አታደርስም።

የዛሬው ንግግሬ ስለዚህች ጣሳ ነው። ልከራከርበት የምፈልገው ሐሳብም ይህ ነው፦ መናገራችንን ማወቅና ከእኛ የወጣው ምን እንደሆነ ማወቅ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አማተሮች ይህን ልዩነት በሥራ ላይ ተረድተው፣ በገዛ እጃቸው መፍትሔ ሠሩለት። እኛ ግን በቅርብ ታሪካችን ልዩነቱን የተማርነው ብዙ ከፍለን ነው፤ ተምረነው እንደሆነም እጠራጠራለሁ።

እጅ በጆሮ ላይ

ራስን የመስማት ችግር ከሬዲዮ በፊትም ነበር። በከተሞቻችን አዛን የሚያደርገውን ሰው አስተውላችሁ ከሆነ፣ እጁን ወደ ጆሮው ያስጠጋል። ድምፁ ወደ ሰፊው አየር ሲወጣ ለራሱ እየራቀው ይሄዳል፤ መዳፉ ከድምፁ ጥቂቱን መልሶ ያቀብለዋል። መሣሪያ የማያስፈልገው ሞኒተር ይህ ነው።

ስልክ በመጣ ጊዜ ደግሞ ችግሩ በሌላ መልክ ታየ። በስልክ ስንነጋገር የገዛ ድምፃችን በጥቂቱ ወደ ጆሯችን ተመልሶ ይሰማል። መሐንዲሶች ይህን ተመላሽ ድምፅ ሳይድቶን ይሉታል። ከበዛ ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ካነሰ ወይም ከጠፋ መስመሩ የሞተ ይመስለውና ይጮኻል። በልጅነቴ ደሴ ቴሌ ሄዳችሁ ተራ ስትጠብቁ፣ ወደ አዲስ አበባ የሚደውል ሁሉ ሃሎ፣ ሃሎ እያለ ምሥጢሩን ለሰልፈኛው ሁሉ ሲያሰማ ታገኙት ነበር። ሰዎቹ ጯሂ ስለሆኑ አልነበረም። ራሱን የማይሰማ ሰው የድምፁን ልክ ሊያውቅ አይችልም።

ጣሳዋ እንዴት ተወለደች

አማተር የሬዲዮ ኦፕሬተር ማለት ለገንዘብ ሳይሆን ለዕውቀትና ለፍቅር ብሎ፣ ከመንግሥት ፈቃድና የጥሪ ምልክት ተሰጥቶት፣ በራሱ ጣቢያ ከሌሎች አቻዎቹ ጋር የሚገናኝ ሰው ነው። ታሪካቸው የሚጀምረው ከመገፋት ነው። የታይታኒክ መርከብ በሰጠመች ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1912፣ አሜሪካ ባወጣችው የሬዲዮ ሕግ አማተሮች ከ200 ሜትር በታች ወደሆኑት አጫጭር ሞገዶች ተባረሩ። የዘመኑ ሊቃውንት እነዚህን ሞገዶች ለሩቅ ግንኙነት የማይረቡ አድርገው ይቈጥሯቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1923 ኅዳር ወር ግን አንድ ፈረንሳዊና አንድ አሜሪካዊ አማተር በእነዚሁ በተናቁ ሞገዶች አትላንቲክን ተሻግረው እርስ በርስ ተነጋገሩ። ከዚያ ወዲህ መንግሥታትና የስርጭት ጣቢያዎች አጭር ሞገድን ለመያዝ ተሽቀዳደሙ። እ.ኤ.አ. በ1925 በፓሪስ ዓለም አቀፉ የአማተር ሬዲዮ ኅብረት ተመሠረተ።

አማተሮቹ የሚነጋገሩት በአብዛኛው በሞርስ ነበር። ሞርስ የጊዜ ቋንቋ ነው። ሰረዝ የነጥብ 3 እጥፍ ይረዝማል፤ በፊደላት መካከል የ3 ነጥብ፣ በቃላት መካከል የ7 ነጥብ ያህል ዝምታ አለ። በደቂቃ 20 ቃል የሚልክ ሰው አንዲት ነጥብ የምትፈጅበት ጊዜ 60 ሚሊሰከንድ፣ ማለትም ከሰከንድ አንድ አሥረኛ እንኳ ያነሰ ነው። ይህን በጆሮ እንጂ በዓይን ወይም በጣት ብቻ መቈጣጠር አይቻልም። ችግሩ ግን ኦፕሬተሩ ቁልፉን ሲመታ የራሱ መቀበያ በምልክቱ ብርታት ይደነቍራል፤ ወይም እንዳይጎዳ ይዘጋል። ስለዚህ ዓለም ሲሰማው እርሱ ብቻ አይሰማም።

መፍትሔው ከቤት የተገኘ ነበር። ኦፕሬተሩ አንዲት ቫልቭ ያላት ትንሽ የሞገድ ማመንጫ ይሠራል፤ ከነባትሪዋ በብረት ሣጥን ውስጥ ይዘጋታል። ማሰራጫው በ7,000,000 ሄርትዝ ላይ ቢሠራ፣ የሣጥኗን ማመንጫ በ7,000,700 ሄርትዝ ላይ ያስተካክላታል። ሁለቱ ሞገዶች ሲደባለቁ ልዩነታቸው 700 ሄርትዝ ይሆናል፤ ይህም የሰው ጆሮ ያለ ድካም የሚሰማው ፉጨት ነው። ሁለት የማይሰሙ ነገሮችን አዋሕዶ የሚሰማ የማውጣቱን ዘዴ ካናዳዊው ሬጂናልድ ፌሰንደን በ20ኛው መቶ ዓመት መባቻ አስተዋውቆት ነበር። አማተሮች ያደረጉት ዘዴውን ወደ ራሳቸው ማዞር ነው።

የብረቱ ሣጥን ለጌጥ አይደለም። ሣጥን ባይኖር የቅርቡ ማሰራጫ ብርታት ሞኒተሯን ያጥለቀልቃታል፤ ድምፁም ይዛባል። ሣጥኑ ከብዙው ጥቂቱን ብቻ ያስገባል። ለዚህ ነው ጣሳ የተስማማው፤ ክዳን አለው፣ ብረት ነው፣ ርካሽ ነው።

በዘመኑ አንድ ሌላ ነገርም ተጨመረ። እ.ኤ.አ. በ1934 አማተሮች ምልክትን የሚመዝኑበት ሦስት መለኪያ ያለው ሥርዓት ወጣ፤ ምን ያህል ይነበባል፣ ምን ያህል ይበረታል፣ ድምፁስ ምን ያህል ጥሩ ነው? ለድምፅ ጥራት ከ1 እስከ 9 ነጥብ ይሰጣል። ኦፕሬተሩ ሩቅ ያለው ሰው 9 ነጥብ እንዲሰጠው ከፈለገ፣ ጉድለቱን አስቀድሞ በራሱ ጆሮ መስማት ነበረበት።

እውነት የምትናገርና የምታባብል

ከዚህ በኋላ የምናገረው የንግግሬ አንጓ ስለሆነ በጥሞና እንድትከታተሉኝ እጠይቃለሁ።

ትራንዚስተር ከመጣ በኋላ ሁለተኛ ዓይነት ሞኒተር ተፈለሰፈች። ይህቺኛዋ በአንቴናው አጠገብ ካለው ኃይል ጥቂቱን በዳዮድ አጣርታ ወደ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ትለውጣለች፤ በዚያው ኃይል የራሷን የፉጨት ማመንጫ ታስነሣለች። ባትሪ አትፈልግም። ርካሽና ብልህ ሥራ ነው። ቁልፉ ሲመታ ትጮኻለች፤ ቁልፉ ሲለቀቅ ዝም ትላለች። ምትን ለመቈጣጠር ይበቃል። ነገር ግን ፉጨቱ የእርሷ የራሷ ነው። ማሰራጫው እየተንሸራተተ፣ እያጓራ ወይም እየተንኳኳ ቢልክ እንኳ እርሷ ሁልጊዜ ጥርት ብላ ትዘምራለች።

የዛሬዎቹ ዘመናዊ መሣሪያዎች ደግሞ ሳይድቶን በውስጣቸው ተሠርቶላቸው ይመጣሉ። ምቹ ነው፤ የፉጨቱን ቅጥነት እንደ ፍላጎታችሁ ታስተካክሉታላችሁ። ግን በብዙዎቹ መሣሪያዎች ይህ ድምፅ የሚመነጨው ከአየሩ ምልክት ሳይሆን ከቁልፉ ነው። አንቴናው ተነቅሎ መሬት ላይ ወድቆ ቢሆን እንኳ ጆሯችሁ ውስጥ የሚያምር ሞርስ ትሰማላችሁ። ማንም አይሰማችሁም፤ እናንተ ግን ራሳችሁን ትሰማላችሁ።

እንግዲህ የመጀመሪያዋ ጣሳ የምትነግረን የወጣውን ነው፤ ሁለተኛዋና ሳይድቶኑ የሚነግሩን መናገራችንን ነው። የመጀመሪያዋም ብትሆን ወሰን አላት፤ ምን እንደወጣ እንጂ ማን እንደሰማ አትነግርም። እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች፣ ማለትም ተናግሬአለሁ ወይ፣ ምን ወጣ፣ ማን ሰማ የሚሉትን፣ ይዘን ወደ ራሳችን ታሪክ እንሂድ።

ደሴ፣ 1928 ዓ.ም.

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሽስት ጣልያን ጦር መረብን ሲሻገር ኢትዮጵያ ሬዲዮ የሌላት አገር አልነበረችም። የአቃቂው ጣቢያ በ1927 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል። የገነባው አንሳልዶ የተባለው የጣልያን ኩባንያ መሆኑ ከታሪክ ምፀቶች አንዱ ነው። ጦርነቱ ሊጀመር ሳምንታት ሲቀሩት ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ለአሜሪካ ሕዝብ ንግግራቸውን ያሰሙት አማተሮች ጥቅሙን ባሳዩት በአጭር ሞገድ ነበር።

በኅዳር ወር ንጉሠ ነገሥቱ ጠቅላይ መምሪያቸውን ወደ ደሴ አዛወሩ። ኅዳር 26 ቀን የጣልያን አውሮፕላኖች ከተማዋን ደበደቡ፤ ቀይ መስቀል የተሰቀለበት የአሜሪካ ሚስዮን ሆስፒታል እንኳ አልተረፈም። ንጉሠ ነገሥቱ በመትረየስ ላይ ሆነው የተነሡት ፎቶግራፍ ዓለምን ዞረ። ሁላችን የምናውቀው ያንን ፎቶግራፍ ነው። እኔ ዛሬ የማነሣው ግን ፎቶግራፍ የሌለውን ጦርነት፣ የጆሮውን ጦርነት ነው።

በደሴ መምሪያ፣ በአዲስ አበባና በሰሜን ግንባር መካከል መልእክት በሬዲዮ ይመላለስ ነበር። መሣሪያዎቹ ጥቂት ነበሩ። በሽሬ በኩል እንደነበረው እንደ ራስ እምሩ ጦር ያሉ፣ ከሌሎቹ ተነጥለው የሚዋጉ ሠራዊቶች ብዙውን ጊዜ የሚጠብቁት መልእክተኛን ነበር፤ እርሱም በተራራ መንገድ ቀናት ይፈጅበታል። ሬዲዮ ባለበት ግን መልእክቱ ይፈጥናል፤ ፈጣኑ መልእክት ደግሞ ለሁሉም እኩል ይደርሳል። የጣልያን የመረጃ ክፍል የእኛን የሬዲዮ መልእክቶች እየጠለፈ ያዳምጥ፣ ምሥጢራዊ ጽሑፋቸውንም ይፈታ ነበር። ከማይጨው ውጊያ ጥቂት ቀናት በፊት ንጉሠ ነገሥቱ ለእቴጌ መነን የላኩት፣ ለማጥቃት መወሰናቸውን የሚያስታውቅና ጸሎት የሚጠይቅ መልእክት በጣልያኖች እጅ ገባ። ማርሻል ባዶሊዮ እ.ኤ.አ. በ1936 ባሳተመው የጦርነቱ መጽሐፍ ውስጥ ይህን አካትቶታል።

ይህን ባነበብሁ ቍጥር የማስበው ስለ አንድ ስሙ ስላልተጻፈ የሬዲዮ ኦፕሬተር ነው። ቁልፉን በትክክል መትቷል። መልእክቱ ደርሷል። የመጀመሪያውን ጥያቄ በሚገባ መልሷል። ሦስተኛውን ግን፣ ማን ሰማ የሚለውን፣ የሚጠይቅለት ሥርዓት አልነበረም። አበው «ካፍ ከወጣ አፋፍ» የሚሉት ይህን ነው። ደሴ ራሷ አፋፍ ላይ የተቈረቈረች ከተማ ናት፤ ከዚያ አፋፍ የወጣው ቃል መቀሌ ላይ እየተነበበ ነበር።

የታሪክ ሰው ስለሆንሁ ከልክ በላይ እንዳልናገር ልጠንቀቅ። ሞኒተር ቢኖረን ማይጨው ላይ ድል ይቀናን ነበር አልልም። መጋቢት 22 ቀን ውጊያውን የወሰነው መድፍ፣ አውሮፕላንና የመርዝ ጋዝ ነው። ሚያዝያ 7 ቀን ደሴ ተያዘች፤ ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ። የምለው ይህን ብቻ ነው፦ የራስን ንግግር በሌላው ጆሮ መስማት የጦር ጥበብ አካል መሆኑን ሌሎችም የተማሩት ዘግይተው ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የብሪታንያ 8ኛ ጦር በሰሜን አፍሪካ በረሃ «ጄ» በሚል ፊደል የሚጠራ አገልግሎት አቋቁሞ የራሱን ክፍሎች የሬዲዮ ንግግር ያዳምጥ ጀመር። በዚህም አዛዡ የፊት መሥመሩ ሁኔታ የደረጃውን መሰላል ጠብቆ ከሚመጣው ሪፖርት በፊት ይደርሰው ነበር። የሠራዊት መጠን ያላት ጣሳ ማለት ናት።

በምድራችን የተተከለ ጆሮ

ከነጻነት በኋላ በአካባቢያችን ትልቁ ጆሮ የተተከለው አስመራ ላይ ነው። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1943 በቀድሞው የጣልያን ባሕር ኃይል ሬዲዮ ጣቢያ ጀምረው፣ በግንቦት 1945 ዓ.ም. በተፈረመው የ25 ዓመት ስምምነት አጠናክረው፣ በኮሪያ በዘመተው ሻለቃ ስም ቃኘው ብለው የሰየሙት ጣቢያ ነው። አስመራ ለሬዲዮ አድማጭ የምትመች ከፍታና ሥፍራ ነበራት። ጣቢያው እስከ 1969 ዓ.ም. ድረስ የሰፊውን ዓለም ንግግር ሰማ። ጆሮው በምድራችን ላይ ነበር፤ የሰማውን ግን የሚያውቀው ሌላ ነው።

በዚያው ዘመን በአገሪቱ አማተሮችም ነበሩ። የኤርትራዎቹ የጥሪ ምልክት በኢቲ2፣ የቀሩት ደግሞ በኢቲ3 ይጀምር ነበር። ብዙዎቹ ወታደሮች፣ መምህራን፣ ሚስዮናውያንና ባለሙያዎች የሆኑ የውጭ ሰዎች ነበሩ። ከ1966 ዓ.ም. በኋላ ግን የግል ማሰራጫ የጥርጣሬ ዕቃ ሆነ፤ አማተር ሬዲዮ ለረጅም ዓመታት ከኢትዮጵያ አየር ጠፋ ለማለት ይቻላል።

የቀረልን መስማት ብቻ ነበር። አባቴ ማታ ማታ በሩ ተዘግቶ፣ ጋቢ ተከናንበው፣ ሬዲዮዋን ከደረታቸው አስጠግተው የውጭ ጣቢያ ያዳምጡ ነበር። የዶይቸ ቬለ የአማርኛ ክፍል ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ነበር፤ በ1975 ዓ.ም. የአሜሪካ ድምፅ ተጨመረ። አንዲት የጆሮ ማዳመጫ ነበረቻቸው። ለእናቴ አንድ ጆሮ፣ ለእርሳቸው አንድ ጆሮ አልነበረም፤ ባለ አንድ ጆሮ ናትና። የሰሙትን ማለዳ በሹክሹክታ ይነግሯት ነበር። ስለ ወሎ የምንሰማው ከኮሎኝና ከዋሽንግተን ነበር ማለት ነው። እኛ ሰሚዎች ነበርን፤ ከእኛ የወጣ ቃል አልነበረም።

የዚያች የጆሮ ማዳመጫ ሽቦ በተበጠሰች ቍጥር የምላከው ፒያሳ አጠገብ ሬዲዮ ይጠግኑ ወደነበሩ ሽማግሌ ነው። እርሳቸው አንድ በእጃቸው የሠሩት መሣሪያ ነበራቸው፤ አሮጌ የጆሮ ማዳመጫ፣ ከእርሱ ጋር የተበየደ ዳዮድ፣ ጫፉ ላይ መርፌ። የተበላሸውን ሬዲዮ ከፍተው መርፌዋን ከአንቴናው ጀምረው በየደረጃው ያስነኩና ያዳምጣሉ። ድምፁ እስከየት እንደመጣና የት እንደሞተ በጆሯቸው ይለያሉ። ለምን በቀጥታ ድምፅ ማጉያውን እንደማይመረምሩ ስጠይቃቸው፣ እርሱ የመጨረሻው ምስክር ነው፤ መጀመሪያ የነበሩትን ጠይቅ አሉኝ። ከዓመታት በኋላ በዩኒቨርሲቲ የታሪክ ምንጮችን አመዛዘን ስማር ትምህርቱ አዲስ አልሆነብኝም።

ኢቲ3ኤኤ፣ እና ይህቺ ጣሳ

ከ1983 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ አማተር ሬዲዮ ቀስ በቀስ ተመለሰ። የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር የክበብ ጣቢያ አዲስ አበባ፣ አምስት ኪሎ፣ በቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ግቢ ይገኛል፤ የጥሪ ምልክቱም ኢቲ3ኤኤ ነው። በዚያ የኢትዮጵያ ተማሪዎች ራሳቸው ቁልፉንና ማይክሮፎኑን ይዘው ከዓለም ጋር ይነጋገራሉ። እ.ኤ.አ. በ2003 በጄኔቫ የተካሄደው የዓለም ሬዲዮ ጉባኤ ሞርስን ማወቅ የዓለም አቀፍ ግዴታ መሆኑን ቢያስቀርም፣ ሞርስ አልሞተም፤ በትንሽ ኃይል ሩቅ የሚደርስ፣ በቀላል ዕቃ የሚሠራ ነውና። ዛሬ የሬዲዮ ሞገድን የሚያስተዳድረው በኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቍጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ያለ ፈቃድ ማሰራጨት ወንጀል መሆኑን ለተማሪዎቼ ደጋግሜ የምነግራቸው ስለዚህ ነው።

ይህቺን ጣሳ ከጥቂት የኤሌክትሪካል ምሕንድስና ተማሪዎች ጋር ስንሠራ ወደ አየር ምንም አላወጣንም። አንዲት ደካማ የሞገድ ማመንጫ በባትሪ አስነሥተን፣ በአንቴና ፈንታ 50 ኦም ሬዚስተር አስረን፣ የሞርስ ቁልፍ አገናኘንላት። ከቁልፉ ጋር በ555 አይሲ የተሠራ መለማመጃ ፉጨትም ነበር። አንደኛው ተማሪ የመለማመጃውን ፉጨት ሰምቶ ሥራው እንከን የለውም አለ። እውነትም ጥርት ያለ ነበር። ከዚያ ማዳመጫውን ነቅሎ በጣሳዋ ላይ ሰካው። እያንዳንዱ ሰረዝ ሲጀምር ከፍ ብሎ ሲያልቅ ዝቅ የሚል፣ እንደ ጫጩት ጭውጭው የሚል ድምፅ ሰማ። የመጀመሪያ ፍርዱ ጣሳዋ ተበላሽታለች የሚል ነበር።

ለግማሽ ሰዓት ጣሳዋን መረመሩ። ጣሳዋ ደኅና ናት። ቁልፉ በተመታ ቍጥር የማመንጫዋ የደከመ ባትሪ ቮልቴጁ ይወርዳል፤ ቮልቴጁ ሲወርድ ሞገዱም ይንሸራተታል። አዲስ ባትሪ ሲገባ ጭውጭውታው ጠፋ። መለማመጃው ግን ከባትሪው ለውጥ በፊትም በኋላም ያው ነበር፤ ያማረ፣ ጥርት ያለ፣ ምንም የማያውቅ።

እኔ በዚያ ግማሽ ሰዓት የተማርሁት ከተማሪዎቹ አይተናነስም። መጥፎ ወሬ ሲመጣ መጀመሪያ የምንጠረጥረው ወሬ ነጋሪውን ነው። ይህ የተማሪው ድክመት አይደለም፤ የሁላችን ልማድ ነው። በ1965 ዓ.ም. ወሎ ሲራብ የተደረገውን አስታውሱ። የዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች እዚህ መጥተው ያዩትን በፎቶግራፍ ይዘው ሲመለሱ የጠበቃቸው ማመን ሳይሆን ቁጣ ነበር። የጆናታን ዲምብልቢን ፊልም የእንግሊዝ ሕዝብ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. አየው፤ የኢትዮጵያ ሕዝብ በቴሌቪዥን ያየው ግን ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ሊወርዱ በዋዜማው፣ ከአንድ ዓመት ገደማ በኋላ ነው። መንግሥቱ ሳይድቶኑን ይሰማ ነበር፤ አንቴናው ግን ወድቆ ነበር።

የቅርቡንም ሳልጠቅስ ባልፍ ራሴን እታዘባለሁ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን በደረሰባቸው ሳምንታት ስልክ ተቋረጠ። እኅቴ ኮምቦልቻ ነበረች፤ እኔ ከደሴ ወጥቼ ነበር። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስለ እነርሱ በየአቅጣጫው የሚነገረውን ሁሉ ሰማሁ፤ የእኅቴን ድምፅ ግን አልሰማሁም። ሬዲዮ ቢኖር ጦርነቱ ይቀር ነበር አልልም። ከተማ ግን ሌሎች ስለ እርሷ ከሚናገሩት ሌላ የራሷ አፍና የራሷ ጆሮ ሊኖራት ይገባል እላለሁ።

ስለዚህ ንግግሬን በሦስት ልመናዎች ልደምድም። ለምሕንድስና ተማሪዎች፦ አምስት ኪሎ ያለው የክበብ ጣቢያ መንገዱን አሳይቷል፤ በሕጉ መሠረት ፈቃድ ጠይቃችሁ ከጦሳ ግርጌ ወይም ከቦርከና ዳር የሚነሣ የጥሪ ምልክት ይኑረን። ሣጥኗን ግን አትግዟት፤ ሥሯት። ለታሪክ ተማሪዎች፦ የመጨረሻውን ምስክር ብቻ አትስሙ፤ መርፌያችሁን ከአንቴናው ጀምሩ። ለእኛ ለመምህራንና ለኃላፊዎች ደግሞ፦ በየወሩ የምንጽፈው ሪፖርት በጆሯችን ሲያፏጭ የሚያስደስተን ከሆነ፣ አንድ ጊዜ ማዳመጫውን ነቅለን በጣሳዋ ላይ እንሰካው። የሰማነው ካልጣመን ጣሳዋን ከመወርወራችን በፊት ባትሪያችንን እንይ።

ጣሳዋ ከንግግሩ በኋላ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ትቈያለች። ማዳመጥ የሚፈልግ ይምጣና ይስማ።